ቀይ በግ ሁሉ ዋሸራ አይደለም፦ የበግን ቀለምና ምልክት እንዴት እንለይ?

በምሥራቅ ጎጃም ዞን ከደጀን ተነስቶ በብቸና አድርጎ ወደ ሞጣ የሚወስደው መንገድ ደብረ ወርቅን ያገኛል። ከተማዋ የእናርጅ እናውጋ ወረዳ መቀመጫ ናት። በዙሪያዋ ያለው አርሶ አደር ጤፍና ስንዴውን እያረሰ በጎቹን በወል ግጦሹ፣ በማሳው ዳርና ከአጨዳ በኋላ በቃርሚያው ላይ ያሰማራል። በግ ለዚህ አርሶ አደር የቁም ገንዘብ ነው። ማዳበሪያ መግዛት ሲያስፈልግ፣ የልጆች ደብተርና ልብስ ሲደርስ፣ በዓል ሲቃረብ ቀድሞ ወደ ገበያ የሚነዳው በሬው ሳይሆን በጉ ነው።

ይህ የቁም ገንዘብ ሲሸጥ፣ ሲጠፋ፣ በርቢ ሲሰጥና ለአውራነት ሲመረጥ በአብዛኛው የሚገለጸው በአንድ ቃል ነው፤ በቀለሙ። “ቀዩ ጠቦት”፣ “ነጯ እናት”፣ “ቡሬው ሙክት” ይባላል። ነገር ግን በአንድ መንጋ ውስጥ ቀይ የሚባሉ በጎች አሥርም አሥራ አምስትም ሊሆኑ ይችላሉ። “ቀይ በግ ጠፋብኝ” ብሎ ለቀበሌው የሚያመለክት ሰው የትኛውን ቀይ እንደሆነ ካላስረዳ በጉን ማግኘቱም ሆነ የራሱ መሆኑን ማስረዳቱ ይቸግረዋል። ለርቢ የሚሆን አውራ የሚገዛ ባለሙያም ቀይነቱን ብቻ አይቶ “ይህ ዋሸራ ነው” ብሎ ከመዘገበ በአንድ መንደር የሚወለዱ ግልገሎችን ሁሉ የሚነካ ስህተት ሊሠራ ይችላል።

ስለዚህ ከመነሻው አንድ ነገር መለየት ይገባል። ቀለምና ምልክት በጉ የትኛው በግ እንደሆነ ይነግሩናል። ምን ዝርያ እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚያድግ፣ ምን ዓይነት ልጅ እንደሚሰጥ ግን ቀለም ብቻውን አይነግረንም። ሁለቱን ሥራዎች ለይቶ ማየት ለአርሶ አደሩም ለወረዳው ባለሙያም ይጠቅማል።

ዋሸራን ዋሸራ የሚያሰኘው ምንድን ነው?

የኢትዮጵያን በጎች በስፋት ካጠኑት መካከል ተመራማሪው ሰሎሞን ግዛው እ.ኤ.አ. በ2008 ለዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በአገሪቱ በየአካባቢው ስም የሚታወቁ 14 የበግ መንጋዎችን መርምረዋል። በመልካቸውና በዘረ መላቸው መቀራረብም በ9 ዝርያዎች መድበዋቸዋል። ሰሜን፣ የደጋው አጭር ባለላት፣ ዋሸራ፣ ጉሙዝ፣ ሆሮ፣ አርሲ፣ ቦንጋ፣ አፋርና የሶማሌ ጥቁር ራስ ናቸው። በደጋው አጭር ባለላት ዝርያ ውስጥ የሰቆጣ፣ የፋርጣ፣ የወሎ፣ የመንዝና “ጥቁር” የሚባለው በግ ይጠቃለላሉ።

ዳንግላ በሚል ስምም የሚታወቀው ዋሸራ የምዕራብና የምሥራቅ ጎጃም እንዲሁም የአገው አዊ በግ ነው። በአማራና በአገው አርሶ አደሮች እጅ የኖረ ዝርያ ነው። መለያዎቹም አራት ናቸው። ቁመናው ገዘፍ ያለ ነው። ጸጉሩ አጭርና ለስላሳ ሲሆን ሱፍ አይደለም። ላቱ አጭርና ስብ ያለው ነው። ወንዱም ሴቷም ቀንድ የላቸውም። ከእነዚህ ላይ ነው “በአብዛኛው ቀይ ወይም ቡናማ ነው” የሚለው የሚጨመረው። “በአብዛኛው” የሚለውን ቃል ማስመር ያስፈልጋል። ነጭ፣ ጥቁርና ቡራቡሬ ዋሸራም አለ። ቀይ ሆኖ ዋሸራ ያልሆነ በግ ደግሞ በብዙ ቦታ ይገኛል።

ከአባይ ማዶ በወለጋ በኩል ያለው ሆሮ ቀይና ዳማ ቀለም ይበዛበታል፤ ላቱ ግን ከዋሸራው ረዝሞ ይወርዳል። የቦንጋና የአርሲ በጎችም ቀይና ቡናማ ያላቸው ናቸው። በደቡብ ጎንደር በኩል ያለው ፋርጣ ነጭም ቡናማም ይሆናል፤ ወንዱ ቀንድ ያበቅላል፣ ከጸጉሩ ሥርም ሱፍ መሰል ሽፋን ይኖረዋል። እንግዲህ ቀይ ሆኖ ቀንድ ያለው አውራ ሲቀርብ “ቀይ ስለሆነ ዋሸራ ነው” ከማለት ይልቅ “ቀንዱ ከየት መጣ?” ብሎ መጠየቅ ይበጃል። የዋሸራ አውራዎች ወደ ፋርጣ አካባቢ ተወስደው የተዳቀሉበት ሥራም ስለነበር፣ ቀይ ክልስ በግ በክልላችን ገበያ መገኘቱ የሚያስገርም አይደለም።

የቀለም አሳሳችነት ይበልጥ የሚታየው በጥቁር ራስ በጎች ነው። ሰውነቱ ነጭ፣ ራሱና አንገቱ ጥቁር የሆነ በግ ሲታይ ብዙ ሰው “የሶማሌ በግ” ይላል። ዶርፐር የሚባለው የደቡብ አፍሪካ የሥጋ ዝርያም ግን ይህንኑ መልክ ይዟል። ምክንያቱም ዶርፐር በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማዳቀል ሲጀመር አንዱ ወላጁ የእንግሊዙ ዶርሴት ሆርን፣ ሌላው ደግሞ ዝርያው ከአፍሪካ ቀንድ የሄደው ጥቁር ራስ ነበር። ወደ አገራችን ተመልሶ ለማዳቀል ሲመጣ የቀድሞ ቀለሙን ይዞ ነው። እንደዚሁ ነጭ ሱፍና ቡናማ ራስ ያለው በግ በደብረ ብርሃንና በአመድ ጉያ የበግ ማባዣ ማዕከላት በኩል የተሰራጨው የአዋሲ ደም ሊኖርበት ይችላል። ቀለሙ ጥርጣሬ ይፈጥራል፤ መልሱን የሚሰጡት ግን ላቱ፣ ጸጉሩ፣ ቁመናውና የወላጆቹ መዝገብ ናቸው።

ቀለምና አገር

በእርግጥ ቀለም ከአገሩ ጋር ግንኙነት የለውም ማለት አይደለም። በሞቃታማው የአፋር ቆላ የሚኖረው በግ ፈዛዛ፣ ወደ ክሬም የሚያደላ አንድ ወጥ ቀለም አለው። በሰሜን ወሎ ብርዳማ ከፍታ ላይ ያለው “ጥቁር” በግ ስሙ እንደሚያመለክተው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጥቁር ሲሆን ከጸጉሩ ሥር ሱፍ አለው። ነጣ ያለ ገላ የፀሐይን ሙቀት ይመልሳል፤ ጥቁር ገላ በብርድ ጠዋት ፀሐዩን ቶሎ ይስባል። የመንዙ በግ ደግሞ ጥቁር ነጭ የተቀላቀለበት፣ ነጭና ቡናማም ሆኖ ረጅም ሱፍ ያለው ነው። በዚያ አገር ጥቁሩ ሱፍ በርኖስ ስለሚሠራበት ጥቁርነት የራሱ ጥቅም አለው።

በጎጃም ግን በጉ ባለ አጭር ጸጉር ስለሆነ ሱፉ አይሸለትም። ቀለሙ ዋጋ የሚያወጣው በቁም ገበያው ላይና ቆዳው ለፍቶ ከነጸጉሩ ለአጎዛ፣ ለለምድ ወይም ለቆሎ ተማሪው ደበሎ ሲውል ነው። ስለዚህ አንዱ አካባቢ የሚወደውን ቀለም ሌላው ሊጠላው ይችላል። የቀለም ምርጫ ከኑሮና ከአየር ጠባይ የተነሳ እንጂ ለበግ ሁሉ የተቆረጠ የጥራት መለኪያ አይደለም።

የቀለም ስሞቻችንን እንወቅባቸው

አማርኛ ለከብትና ለጋማ ከብት እንዳለው ሁሉ ለበግም በርካታ የቀለም ስም አለው። ቀይ፣ ነጭና ጥቁር ግልጽ ናቸው። ዳማ የቀይ ዘር ነው። ቡላ ፈዛዛውን፣ ዳልቻ ግራጫውን ይጠራል። ገብስማ ነጭና ጠቆር ያለ ጸጉር እንደ ገብስ እህል ተደባልቆ የሚታይበት ነው። ቡሬ ወይም ቡራቡሬ ሁለት ቀለም በሰፋፊ ቦታ ተከፋፍሎ ሲታይ፣ ዥጉርጉር ደግሞ ትናንሽ ነጠብጣብ ሲበዛበት ይባላል። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ነው።

ችግሩ አንዱ ስም ከቦታ ቦታ፣ ከሰው ሰውም ትርጉሙ ጥቂት ስለሚለዋወጥ ነው። አንዱ ዳማ የሚለውን ሌላው ቀይ ይለዋል፤ ቡናማ የሚለው ቃልም በመዝገብ ላይ ከቀይ ጋር ይደባለቃል። መፍትሔው ስሞቹን መጣል አይደለም። በአንድ ወረዳ ውስጥ የትኛው ስም የትኛውን ቀለም እንደሚጠራ ተስማምቶ፣ ከተቻለም ከየቀለሙ አንድ ፎቶግራፍ አያይዞ ለየቀበሌው መስጠት ነው። በስኮትላንድ ሰሜን የሚገኙት የሼትላንድ ደሴቶች አርቢዎች ይህን አድርገዋል። የጥንት የአገር በጋቸውን 11 ዋና ዋና ቀለማትና 30 ምልክቶች በአካባቢው ቋንቋ ስም ለይተው መዝግበዋል። የእኛ ገበሬ ቋንቋም ለዚህ አያንስም።

ከራስ እስከ ላት፦ አምስት ደረጃ ያለው አለያየት

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው የእንስሳት መልክ ምዝገባ መመሪያ የገላ ቀለም አደላደልን በሦስት ይከፍላል። አንድ ወጥ፣ በሰፋፊ ቦታ የተከፋፈለና ነጠብጣብ ያለበት ናቸው። ይህንን ከአገራችን አጠራር ጋር አዛምዶ በሚከተለው ቅደም ተከተል መጠቀም ይቻላል።

አንደኛ፣ ፆታና ዕድሜ። ዕድሜው ካልታወቀ ጥርሱ ይታያል። የፊት የወተት ጥርሶቹ ሁሉ ካሉ ገና ግልገል ወይም ጠቦት ነው። አንድ ጥንድ ከቀየረ ከዓመት እስከ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጥንድ በጥንድ እየቀየረ አራቱን ጥንድ ሲጨርስ ሙሉ በግ ነው።

ሁለተኛ፣ መደብ ቀለም። ከገላው ሰፊውን ቦታ የያዘው ቀለም ማለት ነው። ጀርባውና ጎኑ ይታያል፤ ከፊትና ከእግር አይጀመርም።

ሦስተኛ፣ አደላደል። አንድ ወጥ ነው? ቡሬ ነው? ዥጉርጉር ነው? ወይስ ጸጉሩ የተደባለቀ ገብስማ? ሆዱና የእግሮቹ ውስጥ ከጀርባው የጠቆሩ ወይም የነጡ መሆናቸውም እዚህ ላይ ይጻፋል። ከላይ ሲያዩት አንድ ወጥ የሚመስል በግ ሲገለበጥ ሆዱ ሌላ ቀለም የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። አንዳንድ ዝርያ ላይ የወንዱ የአንገት ሥርና ሆዱ ከሴቷ ይጠቁራል፤ የሆሮ አውራ ለዚህ ምሳሌ ነው።

አራተኛ፣ ምልክት። ከራስ ተጀምሮ ወደ ላት በቅደም ተከተል ይሄዳል። ግንባር፣ የዓይን ዙሪያ፣ አፍንጫና ከንፈር፣ ጆሮ፣ አንገት፣ ትከሻ፣ አራቱ እግሮች፣ የላቱ ጫፍ። ቀኝና ግራ ሲባል የበጉ ቀኝና ግራ እንጂ የተመልካቹ አይደለም። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ፊት ለፊት ቆሞ የመዘገበና ከኋላ ቆሞ ያነበበ ሁለት ሰው የተለያየ በግ የሚፈልጉት በዚህ ምክንያት ነው።

አምስተኛ፣ ከቀለም ውጭ ያሉ መለያዎች። ቀንድ አለው ወይስ የለውም? ጆሮው ረጅም ነው፣ አጭር ነው ወይስ ከነጭራሹ ቁራጭ የመሰለ ነው? ጸጉሩ አጭር ነው ወይስ ሱፍ አለው? ላቱ ከቋንጃው በላይ ቀርቷል ወይስ ከቋንጃው በታች ይወርዳል? የአፍንጫው አጥንት ቀጥ ያለ ነው ወይስ የጎበጠ? ስለ ዝርያው ምስክርነት የሚሰጠው ይህ አምስተኛው ደረጃ ነው።

በዚህ መንገድ የተመዘገበች አንዲት በግ ለምሳሌ እንዲህ ትነበባለች፦ ሴት፤ ሁለት ጥንድ ጥርስ የቀየረች፤ መደብ ቀለሟ ቀይ፤ አንድ ወጥ፤ ሆዷ ነጣ ያለ፤ ግንባሯ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ነጭ ነጥብ፤ የግራ የኋላ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚት ነጭ፤ ቀንድ የላትም፤ ጸጉሯ አጭር፤ ላቷ ከቋንጃዋ በላይ የቀረ። ጽሑፉ ሁለት መስመር አይሞላም። በመንደሩ ካሉት ቀይ በጎች ሁሉ ግን ይህቺን አንዷን ለይቶ ያወጣል።

ዓይንን የሚያታልሉ ነገሮች

ቀለም በሚታይበት ጊዜ ጥንቃቄ የሚያሻቸው ሁኔታዎች አሉ።

ፀሐይ የጥቁር በግን ጸጉር ጫፍ ያቀላዋል። በበጋ መጨረሻ ዳማ የመሰለው በግ ጸጉሩ ገለጥ ተደርጎ ሥሩ ሲታይ ጥቁር ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ጀርባው ላይ ጸጉሩን በጣት ከፍሎ ሥሩን ማየት፣ ፊቱንና እግሩን ማመሳከር ያስፈልጋል። የረጠበ በግ ከደረቀው ጠቆር ብሎ ይታያል። የዋልካ ጭቃና የቤት ውስጥ ጭስ ነጩን በግ ቡላ ያስመስሉታል።

ግልገል ሲወለድ የያዘው ቀለም እስከ ጉልምስና ላይጸና ይችላል። የልጅነት ጸጉሩ ሲረግፍ ጠቆር ያለው ሊፈዝ፣ በጥቁሩ መካከልም ነጭ ጸጉር እየበዛ ገብስማ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም በልደት ጊዜ የተመዘገበ ቀለም ጡት ሲጥልና ጥርስ ሲቀይር እንደገና መታየት አለበት። የነጭ ምልክት ቦታ ግን በአብዛኛው እንደተወለደ ይቆያል። ለመለያነት ከመደብ ቀለሙ ይልቅ ምልክቱ የሚታመነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጠባሳም ምልክት ይመስላል። ቁስል በዳነበት ቦታ ነጭ ጸጉር ሊበቅል ይችላል። እንዲህ ያለው በጉን ለመለየት ይረዳል፤ በዘር ግን ወደ ልጅ አይተላለፍም። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ “ጠባሳ” ተብሎ ይጻፍ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ የቀለም ለውጥ የበሽታ ወይም የምግብ እጥረት ምልክት ሊሆን ይችላል። የመዳብ ማዕድን እጥረት የጠቆረ ጸጉርን ቀለም ያደበዝዛል። እከክና ቅማል ጸጉር ያረግፋሉ። የነበረ ቀለሙን የለወጠ በግ ሲታይ መዝገቡን ከማረም በፊት የእንስሳት ጤና ባለሙያን ማማከር ይገባል።

ከቀይና ከቀይ ጥቁር ለምን ይወለዳል?

አርሶ አደሩን ከሚያነጋግሩት ነገሮች አንዱ ቀይ አውራና ቀይ እናት ተገናኝተው ጥቁር ግልገል ሲወለድ ነው። አንዳንዱ የጎረቤት አውራ ገብቶ ነው ይላል፤ አንዳንዱ እናቲቱ ያየችው ነገር ነው ይላል። ነገሩ እጅግ የቆየ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ያዕቆብ ከላባ ጋር ስለ ደመወዙ ሲዋዋል የተካፈሉት በቀለም ነበር፤ ዝንጉርጉሩና ጥቁሩ ለያዕቆብ እንዲሆን። የበግ ቀለም የውልና የርስት ጉዳይ መሆኑ ዛሬ የተጀመረ አይደለም ማለት ነው።

የዘመኑ ሳይንስ ነገሩን እንዲህ ያስረዳል። ግልገል ለእያንዳንዱ ጠባይ አንዱን ዘረ መል ከአባቱ፣ አንዱን ከእናቱ ይወስዳል። በበግ ላይ ቀለምን ከሚወስኑት አንዱ አጉቲ የሚባለው ነው። በዚህ ዘረ መል ላይ ነጭና ቀይ የሚሰጠው ዓይነት ጥቁር የሚሰጠውን ይሸፍነዋል። እናም አንድ በግ ቀይ ሆኖ እየታየ ጥቁሩን በውስጡ ደብቆ ሊይዝ ይችላል። ሁለቱም ወላጆች ደብቀው ከያዙ በአማካይ ከአራት ግልገሎች አንዱ ጥቁር ይሆናል። ይህ አማካይ ነው፤ በአንዲት እናት ላይ አራቱም ቀይ፣ ወይም ሁለቱ ጥቁር ሊሆኑ ይችላሉ። እንደ አይስላንድ ባሉ አገሮች የጥንት የአገር በጎች ላይ ይህ በሰፊው ተጠንቷል። የአይስላንዱ ተመራማሪ ስቴፋን አዳልስቴንሶን እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተሙት ጥናት በዚህ ረገድ መሠረት የጣለ ነው።

ከዚህ ሌላ ጥቁርነት ራሱ የሚገዛበት ሁኔታም አለ። ኤክስቴንሽን በሚባለው ሌላ ዘረ መል ላይ የሚገኝ አንድ ዓይነት ጥቁር ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢመጣ እንኳ ግልገሉን ያጠቁረዋል። ልዩነቱን በመንጋው ማየት ይቻላል። ጥቁሩ ከሁለት ቀይ ወላጆች ከተወለደ ድብቅ የነበረው ነው። አንድ ጥቁር አውራ ከብዙ ቀይ እናቶች ሁሉንም ወይም ግማሹን ያህል ጥቁር ካስወለደ ግን ገዢው ጥቁር እንዳለበት ሊጠረጠር ይገባል። ነጭ ምልክትና ቡሬነትም ብዙ ጊዜ ድብቅ ሆነው ይተላለፋሉ፤ ስለዚህ ከሁለት አንድ ወጥ በጎች ባለ ነጭ ግንባር ግልገል ቢወለድ ከሌላ ዝርያ ተዳቅሏል ማለት አይደለም።

የዚህ እውቀት ተግባራዊ ጥቅም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጥቁር ግልገል መወለዱ ብቻ ጎረቤትን ለመክሰስ ወይም አውራውን “ዝርያው ንጹሕ አይደለም” ብሎ ለማስወገድ ምክንያት አይሆንም። ሁለተኛ፣ ጥቁሩን ስለሸጥን ብቻ ጥቁር ከመንጋው አይጠፋም፤ በቀዮቹ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል።

ገበያው፣ ቀለሙና የቀረው አውራ

በአብዛኛው የደጋ ገበያ ቀይና ነጭ በግ ይፈለጋል፤ ጥቁሩ በዋጋ ዝቅ ይላል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ የሚገዛ ሰው ቀለሙን ቀድሞ ያያል። አርሶ አደሩ ይህንን አውቆ ቀለም መምረጡ ትክክል ነው፤ ገንዘቡ ከዚያ ይመጣልና።

ጉዳቱ የሚመጣው ሌላ ቦታ ላይ ነው። በፍጥነት የሚያድገው፣ ቀለሙ የሚያምረው ቀይ ጠቦት ገና በጠቦትነቱ ጥሩ ዋጋ ስለሚያወጣ ቀድሞ ይሸጣል። ወደ ኋላ የቀረው፣ ዘግይቶ ያደገውና ገዢ ያጣው ግን መንጋው ውስጥ ይቆይና እናቶቹን ያጠቃል። እንዲህ እያለ ሲቀጥል ከዓመት ዓመት አባት የሚሆነው የተሸጠው ምርጥ ሳይሆን ያልተሸጠው ቀሪ ነው። የዝርያው አቅም የሚወርደው በድርቅና በበሽታ ብቻ ሳይሆን በዚህ ዓይነቱ ሽያጭም ጭምር ነው።

በሌላ በኩል ቀለሙ አምሮ እድገቱ ደካማ የሆነውን አውራ ለቀይነቱ ሲባል ማቆየትም ኪሳራ ነው። ቀለምና ክብደት አንድ ላይ ይጓዛሉ ብሎ መተማመን አይቻልም። ስኮትላንድ ውስጥ በሴንት ኪልዳ ደሴቶች ያለ ጠባቂ በሚኖሩት ሶዋይ የሚባሉ ጥንታዊ በጎች ላይ ጠቆር ያሉት ገዘፍ ያሉ ሆነው ሳለ ቁጥራቸው ሲቀንስ ተስተውሏል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት ምክንያቱን ከቀለሙ ዘረ መል አጠገብ ካሉ ሌሎች ዘረ መሎች ጋር አያይዞታል። ትምህርቱ ግልጽ ነው። የበጉን እድገት የሚነግረን ሚዛን ነው፤ የእናቱን ጥሩነት የሚነግረን የወለደችውና ያሳደገችው ግልገል ቁጥር ነው፤ ቀለም ከእነዚህ በኋላ ይመጣል።

ስለዚህ አውራ ሲመረጥ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይመከራል፦ ጤናው፣ የቆለጡና የእግሩ ሙሉነት፣ ጡት ሲጥልና በስድስት ወሩ የነበረው ክብደት፣ የእናቱ የወሊድ ታሪክ፣ የዝርያ መለያዎቹ፣ በመጨረሻም ቀለሙ። ሁለት አውራዎች በሌላው ሁሉ ከተካከሉ ገበያው የሚወደውን ቀለም መምረጥ አዋቂነት ነው።

ለወረዳና ለቀበሌ ባለሙያዎች

በአገራችን ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በ2009 በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር በጎች ላይ ተጀምሯል። አሠራሩ አርሶ አደሮች ተደራጅተው ጠቦቶቻቸውን አንድ ላይ አቅርበው፣ ከተመዘገበው ክብደትና ከወላጆቻቸው ታሪክ ጋር አገናዝበው ምርጥ አውራዎችን ራሳቸው እንዲመርጡና በጋራ እንዲጠቀሙባቸው ነው። የዚህ ሁሉ መሠረት አንድ ነው፤ እያንዳንዱን በግ ለይቶ መመዝገብ። መዝገብ ሳይኖር ምርጫ ማድረግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆናል።

የጆሮ ቁጥር ያለው በግ በቁጥሩ ይለያል። ይሁን እንጂ የጆሮ ቁጥር በቁጥቋጦ ተይዞ ይቀደዳል፣ ይወድቃል፤ በብዙ ቀበሌም ለሁሉም በግ አይዳረስም። ቁጥሩ ሲወድቅ በጉን መልሶ ከመዝገቡ ጋር የሚያገናኘው በጽሑፍ የሰፈረ ቀለሙና ምልክቱ ነው። ስለሆነም የሚከተሉትን ተግባራት ያለ ተጨማሪ በጀት መጀመር ይቻላል።

ወረዳው የቀለም ስሞችን ዝርዝር አስማምቶ ለቀበሌ ባለሙያዎች ያሰራጭ። በየጎጡ ያሉ አውራዎች ብቻ በመጀመሪያ ይመዝገቡ፤ ቁጥራቸው ጥቂት በመሆኑ ሥራው አይከብድም፤ በመንጋው ላይ ያላቸው ተጽዕኖ ግን ከማንም ይበልጣል። የደስታ መሰል የበግና የፍየል በሽታና የፈንጣጣ ክትባት ሲሰጥ በጎቹ በአንድ ቦታ ስለሚሰበሰቡ ምዝገባው በዚያው ቀን ይካሄድ። ለዝርያ ማሻሻያ አውራ ሲገዛ የግዢ ሰነዱ “ቀለም” የሚል አንድ ሳጥን ብቻ ሳይሆን ቀንድ፣ ላት፣ ጸጉርና ጆሮ የሚሉ ሳጥኖችም ይኑሩት። አንድ አውራ ሴት ልጆቹ ለርቢ ከመድረሳቸው በፊት ከሌላ ጎጥ አውራ ጋር ይለዋወጥ፤ አባት ልጁን እንዳያጠቃ የሚጠብቀው መዝገቡ ነው።

ለአርሶ አደሮች

በርቢ በግ የሚሰጥና የሚቀበል ሰው እናቲቱን ብቻ ሳይሆን የሚወለደውን ግልገል ሁሉ ቀለምና ምልክት በተወለደ ሳምንት በጽሑፍ ወይም በስልክ ፎቶግራፍ ይያዝ። ፎቶግራፉ ከቀኝ ጎን፣ ከግራ ጎንና ከፊት ሦስት ይሁን። በክፍያ ጊዜ “ይህ የማን ነው?” የሚለው ክርክር በዚህ ይቀራል። ከገበያ በግ የገዛም እንዲሁ ያድርግ፤ በጉ ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ ለቀበሌና ለፖሊስ የሚያቀርበው ማስረጃ ይሆነዋል።

ከመንጋው ፈጥኖ የሚያድገውን አንድ ጠቦት፣ ገዢው ምንም ያህል ቢወደው፣ ቢያንስ አንድ የርቢ ወቅት እናቶቹን እስኪያጠቃ ያቆዩት። ብቻዎን ማቆየት ከከበደ ከሦስትና ከአራት ጎረቤት ጋር ተስማምታችሁ በጋራ አቆዩት፤ የቀረውን ደካማ ጠቦት በጊዜ አኮላሽታችሁ ሙክት አድርጉት። ጥቁር ግልገል ሲወለድም አትናደዱ፤ መዝግቡት፣ መዝኑት። ክብደቱ ከእኩዮቹ የበለጠ ከሆነ ጥቁሩ ጠቦት ለሙክትነት፣ ጥቁሯ ቄብ ደግሞ ለእናትነት ከማንም አያንሱም።

የጎጃም አርሶ አደር በጉን ከሩቅ በቀለሙ፣ ከቅርብ በምልክቱ ለይቶ የሚያውቅ ነው። የሚቀረው ይህን እውቀት ከእረኛው ዓይን ወደ መዝገብ ማዛወር ነው። ያን ጊዜ ዋሸራው በቀይነቱ ብቻ ሳይሆን በልጆቹ እድገት ተመርጦ ለቀጣዩ ትውልድ ይተላለፋል።